የኪቦርድ ፕሌት ሲቀባ፦ ቀለሙ ለምን ተላጠ? ስዊቹስ ለምን አልገባ አለ?

ጥያቄ፦ «ባለ 61 ቁልፍ ሜካኒካል ኪቦርድ በራሴ እየገጣጠምኩ ነው። ስዊቾቹ (በየቁልፉ ሥር ያሉት መጫኛዎች) የሚሰኩበትን የአልሙኒየም ፕሌት ነጭ ላደርገው ፈልጌ ከመኪና ቀለም ሱቅ ስፕሬይ ገዛሁ። አልሙኒየም ስለማይዝግ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚረጭ መሠረት) አያስፈልገውም አሉኝ። እንዲበረታ ብዬ ፊቱንም ጀርባውንም አራት አራት ዙር ረጨሁት፤ ፊቱ ላይ ደግሞ ሁለት ዙር ክሊር (ቀለም የሌለው የላይኛ ሽፋን) ጨመርኩበት። በማግስቱ ስዊቾቹን ስሰካ ግማሾቹ አልገባ አሉ። በግድ ያስገባኋቸው በየቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አነሡት። ኪካፕ (የቁልፉን ክዳን) ልነቅል ስል ስዊቹም ተከትሎ ይመጣል። በላዩ ላይ ደግሜ ልቀባው? ምድጃ ውስጥ ከትቼ ባደርቀውስ? ቀለሙ የኪቦርዱን ድምፅ አያበላሽም?»

ምላሽ፦

ደግመው አይቀቡበት። አሁን ያለው ቀለም ብረቱን አልያዘም፤ በላዩ የሚጨምሩት ሁሉ አብሮት ይነሣል። ሙሉ በሙሉ አንሥተው ከጥሬው አልሙኒየም ይጀምሩ። ያጋጠሙዎት ሦስት ችግሮች ግን ምንጫቸው አንድ አይደለም። ቀለሙ የተላጠው ብረቱ በወጉ ስላልተዘጋጀና ቀለሙ ሳይጠነክር ስለተነካ ነው። ስዊቹ አልገባ ያለውና ከኪካፑ ጋር የሚነቀለው ግን በቀለሙ ውፍረት ምክንያት ነው። ጥሩ ፕራይመር ተጠቅመው ቢሆን ኖሮ ቀለሙ ባይላጥም ስዊቾቹ አይገቡም ነበር። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ውፍረቱ ነው።

በየዓመቱ ለበዓል እየተቀባ የቆየ የእንጨት በር ውሎ አድሮ መቃኑ ውስጥ አልገባ እንደሚል አይተው ይሆናል። ፕሌት ላይም የሚሆነው ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ነገሩን የሚያበላሸው የሚሊሜትር አሥረኛ መሆኑ ነው። ቼሪ ኤምኤክስ የሚባለው የተለመደ ዓይነት ስዊች የሚገባበት ቀዳዳ 14 በ14 ሚሊሜትር ነው፤ ፕሌቱ 1.5 ሚሊሜትር ይወፍራል። ስዊቹ ከቀዳዳው የሚያንሰው እጅግ በጥቂቱ ነው። ከላይና ከታች ባሉት ጎኖቹ ላይ ትንንሽ ጥርሶች አሉት፤ ስዊቹ ሲገፋ ተጨምቀው ያልፉና ከፕሌቱ ሥር ሲደርሱ ተመልሰው ተዘርግተው ይነክሳሉ። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ያ ነው። ጥርሶቹ የተሠሩት ለ1.5 ሚሊሜትር ፕሌት ነው።

በሥርዓቱ የተረጨ አንድ ዙር ስፕሬይ ሲደርቅ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። አንድ ሺህ ማይክሮን አንድ ሚሊሜትር ነው፤ አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ደግሞ ወደ 100 ማይክሮን ይጠጋል። እርስዎ ፊቱን ስድስት ዙር፣ ጀርባውን አራት ዙር ስለረጩ ፕሌትዎ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ጨምሯል፤ አንድ ወይም ሁለት ወረቀት ለጥፈውበታል ማለት ነው። ፕሌቱ 1.7 ሚሊሜትር ሲደርስ ጥርሱ ጀርባውን ሳያልፍ ይቀራል። ስዊቹ የገባ ይመስላል፤ ነገር ግን አልነከሰም፤ ስለዚህ ኪካፑ ሲሳብ ተከትሎ ይወጣል። የቀዳዳው ግድግዳም ከሁለቱም ወገን ስለተረጨበት ወፍሯል። በየጎኑ 50 ማይክሮን ብቻ ቢጨመር እንኳ የ14 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ 13.9 ይሆናል፤ ስዊቹን አልገባ ለማሰኘት ይህ በቂ ነው። ስለዚህ «እንዲበረታ ብዬ» ያሉት ነገር ፕሌት ላይ አይሠራም። እዚህ የሚበረታው ቀጭኑ ቀለም ነው።

ደግሞስ ወፍራም ቀለም ለምን ያስፈልጋል? የስዊቹ የላይኛው አካል 15.6 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ቀዳዳው 14 ስለሆነ በየጎኑ 0.8 ሚሊሜትር የሚሆነውን የቀዳዳ ዙሪያ ራሱ ይከድነዋል። ከአንዱ ስዊች መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 19.05 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ በሁለት ስዊቾች መካከል የሚታየው ፕሌት 3.45 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ሰንበር ናት፤ እሷንም ኪካፖቹ ከላይ ይሸፍኗታል። የባለ 61 ቁልፍ ፕሌት ቁልፎቹ የሚያርፉበት ቦታ 285 በ95 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ቀዳዳዎቹ ሲቀነሱ የሚቀረው ብረት 150 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ይህ 10 በ15 የሆነ የፎቶግራፍ ወረቀት የሚያክል ነው። ጣት የማይነካው፣ ዝናብ የማይመታው፣ በአብዛኛው የማይታይ ገጽ ነው። ቀለሙ አደጋ ላይ የሚወድቀው ስዊች ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ደግሞ የሚያድነው ብረቱን አጥብቆ መያዙ ነው።

ስለ ድምፁ ብዙ አይጨነቁ። በ150 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 50 ማይክሮን ቀለም ማለት አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ ክብደቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ግራም አይበልጥም። ፕሌቱ ራሱ ከአልሙኒየም ከሆነ 60 ግራም፣ ከተራ ብረት ከሆነ 180 ግራም ገደማ ይመዝናል። ድምፁን የሚወስኑት የፕሌቱ ማዕድን፣ ከኬዙ (ከኪቦርዱ ሣጥን) ጋር የታሰረበት መንገድ፣ በመካከል የሚገባው ፎም (ስፖንጅ)ና ስዊቹ ራሱ ናቸው። ቀለም ድምፅ ቀየረ ሲባል የሚሰሙት አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ያልነከሱ ስዊቾች የሚያሰሙትን መንቀጫቀጭ ነው። ነጭ ቀለም በግልጽ የሚለውጠው ብርሃኑን ነው፤ ከሥር ኤልኢዲ መብራት ካለ ነጭ ፕሌት ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል፣ ጥቁር ግን ይውጠዋል።

አሁን ወደ መላጡ። «አልሙኒየም ስለማይዝግ ፕራይመር አያስፈልገውም» የሚለው አባባል የተሳሳተ ነው። ፕራይመር ዝገት መከላከል አንዱ ሥራው ብቻ ነው፤ እዚህ የምንፈልገው ለማያያዝ ነው። አልሙኒየም አየር እንዳገኘ ወዲያው ቀጭን የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ ብረቱን ይጠብቀዋል፤ ተራ ቀለም ግን በላዩ ላይ እንደ ፕላስቲክ ወረቀት ተዘርግቶ ይቀራል እንጂ አይነክስበትም። ለዚህ የተሠራው ኤቺንግ ፕራይመር የሚባለው ነው። ውስጡ ፎስፎሪክ አሲድ ስላለበት ገጹን በጥቂቱ በልቶ ይይዛል። የመኪና ቀለም በሚሸጡ ሱቆች ሲጠይቁ «ለአልሙኒየም የሚሆን» ብለው ይጠይቁና ጣሳው ላይ የተጻፈውን ራስዎ ያንብቡ። ግራጫው ተራ ፕራይመር፣ ስቱኮ መሳዩ ወፍራም ፕራይመርና በብሩሽ የሚቀባው የበር አንቲረስት ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ጭረት ለመሙላት ወይም ዝገት ለመሸፈን የተሠሩ ስለሆኑ አንዱ ዙር ብቻ ያለዎትን የውፍረት ቦታ ይበላዋል።

ሁለተኛው የመላጡ ምክንያት መቸኮል ነው። ስፕሬይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለእጅ ይደርቃል። ደረቀ ማለት ግን ጠነከረ ማለት አይደለም፤ ቀለሙን ያቀጠነው ሟሟ ከውስጥ ገና እየወጣ ነው። በተለይ ዙሩ ሲበዛ የላይኛው ቆዳ ቀድሞ ይዘጋና የታችኛው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ቀለሙን በጥፍርዎ ሲጫኑት ምልክት ከያዘ፣ ወይም አፍንጫዎን ሲያስጠጉ አሁንም የቀለም ሽታ ካለው፣ ስዊች የሚሰካበት ጊዜ አይደለም። ሰባት ቀን ይጠብቁ። የምግብ ምድጃ ውስጥ አይክተቱት፤ የሚወጣው ትነት የሚቀጣጠል ነው፣ ምግብ የሚበስልበትንም ዕቃ ይበክላል። በዚያ ላይ የታሰረ ሟሟ በድንገት ሲሞቅ ቀለሙ ላይ አረፋ ያነሣል። ፋብሪካ ውስጥ በእሳት የሚደርቁ ቀለሞች ለዚያ ተብለው የተቀመሙ ናቸው፤ የእርስዎ ጣሳ አይደለም።

ያለውን ቀለም ለማንሣት መጀመሪያ ስዊቾቹን በሙሉ ያውጡ። የስዊች መንቀያውን ከላይና ከታች ጥርሶቹ ላይ አስገብተው ጨምቀው ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ የተጣበቀውን እያወዛወዙ አይጎትቱ፣ ከሥሩ ያሉት የብረት እግሮቹ ይጣመማሉ። ስታቢላይዘሮቹ (ስፔስን የመሰሉ ረጃጅም ቁልፎች እንዳይዘነብሉ የሚይዙት) ፕሌቱ ላይ የሚነክሱ ዓይነት ከሆኑ እነሱንም ያውጡ። ከዚያ ፕሌቱን በአሴቶን ወይም በናይትሮ ቲነር ነክረው በክዳን ይሸፍኑት። አክሪሊክ ቀለም ከሆነ ይሟሟል፤ ሲንቴቲክ ከሆነ ተሸብሽቦ ይነሣል፣ የቀረውን በፕላስቲክ ቁራጭ ይፍቁታል። ኮስቲክ ሶዳ በፍጹም አይጠቀሙ፤ ቀለሙን ሲያነሣ አልሙኒየሙንም ይበላዋል። በረኪናም እንዲሁ ይቅር። አሴቶን ኪካፕ፣ ስዊችና የኪቦርዱ የፕላስቲክ አካል አጠገብ እንዳይደርስ ይጠንቀቁ፤ ብዙዎቹን ያሟሟቸዋል። ፕሌትዎ ከብረት ሳይሆን ከፖሊካርቦኔት የተሠራ ቢሆን ኖሮ አሴቶኑ ሰንጥቆ ያበላሸው ነበርና ይህን ለሌላ ሰው ሲመክሩ ቀድመው ምን እንደሆነ ይጠይቁ።

ብረቱ ጥርት ብሎ ሲወጣ ባለ 320 ብርጭቆ ወረቀት ይያዙ። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለው ፊቱን ሁሉ ወጥ የሆነ ድብዝዝ መልክ እስኪይዝ በክብ ይፈግፍጉ። የሚያብረቀርቅ ቦታ የቀረ ማለት ቀለም የማይይዝበት ቦታ የቀረ ማለት ነው። የውጭውን ጠርዝና የየቀዳዳውን የላይኛ ጠርዝ ስለታማነት ብቻ ቀለል አድርገው ይስበሩ፤ ፈሳሽ ቀለም ከስለታም ጠርዝ ይሸሻል፣ እዚያ ቀጥኖ ይቀርና መላጡ ከዚያ ይጀምራል። ቀዳዳውን ግን አያስፉ። የብረት ሱፍ አይጠቀሙ፤ አልሙኒየሙ ውስጥ የሚሰነቀሩት የብረት ቅንጣቶች በኋላ ዝገው ከነጩ ቀለም ሥር ቡናማ ነጥብ ሆነው ይወጣሉ።

ከዚያ በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በጥርስ ብሩሽ፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ ጭምር ይጠቡ። በዚህ ጊዜ የምትደረግ አንዲት ፈተና አለች፤ ሁልጊዜ ሊያደርጓት ይገባል። ንጹሕ ውሃ አፍስሱበትና ዘንበል አድርገው ይመልከቱ። ውሃው ሳይቆራረጥ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ከወረደ ገጹ ከቅባት ነጻ ነው። ቅባት የተቀባ ምጣድ ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ እየተንከባለለ ጠብታ ከሠራ ቅባት አለበትና ይድገሙት። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይንኩት፤ ጠርዙን በጓንት ይያዙ። አድርቀው በአይሶፕሮፒል አልኮል ክር በማይተው ጨርቅ ይጥረጉና በዚያው ዕለት፣ የሚሻለው በዚያው ሰዓት፣ ፕራይመሩን ይርጩ።

ብዙ ሰው ቀዳዳዎቹን ለማዳን ከጀርባ ማስኪንግ ቴፕ ይለጥፋል። አላስፈላጊ ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው። ቀዳዳው ከታች ሲዘጋ ጉድጓድ ይሆናል፤ ቀለሙ አልፎ መሄዱ ይቀርና ከቴፑ ላይ እየነጠረ ግድግዳው ላይና በጥጉ ይከማቻል። ቴፑ ሲነሣም በቴፑና በግድግዳው መካከል የደረቀውን ቀለም ይዞ ይሰነጥቀዋል። ፕሌቱን ካርቶን ላይ ማስተኛትም ያው ነው። ይልቁንም በብሎን ቀዳዳዎቹ ቀጭን ሽቦ አስገብተው ከኋላው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ባዶ ቦታ እንዲኖር አድርገው ያንጠልጥሉት። ቀለሙ በቀዳዳው ቀጥ ብሎ አልፎ ይሄዳል፤ ግድግዳው ላይ የሚቀረው ጭጋግ ያህል ነው። ጀርባውን ጨርሶ አይርጩ። ማንም አያየውም፣ የስዊቹ ጥርስም የሚነክሰው እዚያ ነው። አንዳንድ ኪቦርዶች ፕሌቱን በብሎን በኩል ከኤሌክትሪክ ቦርዱ ግራውንድ (የመሬት መስመር) ጋር ያገናኙታል፤ የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ የዚያ ብሎን ራስ የሚያርፍበትን ክብ ቦታ ብቻ በትንሽ ክብ ቴፕ ሸፍነው ባዶ ያስቀሩ።

ጣሳው ውስጥ ያለችው ኳስ መንቀጭቀጭ ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይነቅንቁት። ነጭ ቀለም ከሥር ይዘቅጣል፤ ያልተነቀነቀ ጣሳ መጀመሪያ የሚሰጥዎት ውሃ የመሰለ ማያያዣ ነው። ከ25 ሴንቲሜትር ያህል ርቀት፣ ለፕሌቱ ቀጥ ብለው፣ ከፕሌቱ ውጭ መጫን ጀምረው አልፈው ከወጡ በኋላ ይልቀቁ። ቀጣዩ መስመር የቀደመውን ግማሹን ይደርብበት። የእጅ አንጓዎን በክብ አያዙሩ፤ ክንድዎ ሙሉ በሙሉ ከፕሌቱ ጋር ትይዩ ይሂድ። አግድም አዘንብለው የረጩት ሁሉ ፊቱ ላይ ሳይሆን የቀዳዳው ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ ለስዊቾቹ አለመግባት ከጀርባ መርጨት ቀጥሎ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ኤቺንግ ፕራይመሩ አንድ ቀጭን ዙር ብቻ ነው፤ ብረቱ ከሥሩ ትንሽ ቢታይም ልክ ነው። በውሃ አይፈግፍጉት። ቀጥሎ ነጩን ሦስት ዙር፦ የመጀመሪያው እንደ አቧራ የተበተነ፣ ገጹን ግማሽ የማይሸፍን፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ትንሽ እርጥብ ያሉ። በየመካከሉ አሥር ደቂቃ። ነጭ የመሸፈን ኃይሉ ደካማ ስለሆነ ከሦስተኛው በኋላ «አንድ ብቻ ልጨምር» የሚል ፈተና ይመጣል። አይጨምሩ። የቀረችው ግራጫ ጥላ ኪካፕ ሥር ትሆናለች። ይልቅ ከመጀመሪያው ፈዛዛ ግራጫ የሆነ ኤቺንግ ፕራይመር ይምረጡ፤ አረንጓዴና ቢጫ ፕራይመር በነጩ ውስጥ ያስታውቃል።

ፕራይመሩና ቀለሙ ከአንድ አምራች ቢሆኑ ይመረጣል። በየዙሩ መካከል ምን ያህል መጠበቅ እንዳለብዎ ጣሳው ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ «በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አለዚያ ከ24 ወይም ከ48 ሰዓት በኋላ» ይላል። ይህ ትእዛዝ እንደ ምክር ብቻ መታየት የለበትም። በመካከሉ ባለው ጊዜ ከረጩ አዲሱ ሟሟ በግማሽ የጠነከረውን ቆዳ አሳብጦ እንደ ዘቢብ ያሸበሽበዋል፤ የተሸበሸበ ቀለም ከማንሣት በቀር መድኃኒት የለውም። ናይትሮ ቀለም በሲንቴቲክ ላይ ሲረጭም የሚሆነው ይኸው ነው።

ክሊሩን ይተዉት። ክሊር የሚጠቅመው ጣት ወይም ፀሐይ ለሚነካው ገጽ ነው። በእርስዎ ፕሌት ላይ የሚጨምረው ውፍረት ብቻ ነው። ብርማ ወይም ወርቅማ ቀለም ቢመርጡ ኖሮ ቅንጣቶቹ እንዳይፋቁ አንድ ቀጭን ዙር እፈቅድልዎ ነበር። ከሚያብረቀርቅ ነጭ ይልቅ ደብዛዛውን ይግዙ፤ በደብዛዛ ላይ የእጅ ስህተት አይጎላም።

አየሩ ራሱ ከባድ ድርሻ አለው። በክረምት፣ በተለይ አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ጠዋትና ማታ፣ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ሟሟው ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት እዚያው ጤዛ ሆኖ ይቀመጥና ቀለሙን ወተት የለበሰ ያስመስለዋል። ስለዚህ ዝናብ በሌለበት ቀን እኩለ ቀን አካባቢ፣ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ጥላ ቦታ ይሥሩ። ጣሳው ከቀዘቀዘ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ያቁሙት፤ የፈላ ውሃም ሆነ እሳት ግን አይንካው፣ ይፈነዳል። በበጋ ደግሞ ችግሩ ነፋስና አቧራ ነው፤ ከመጀመርዎ በፊት ወለሉን ውሃ ይርጩበት። ቀጥታ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ብረት ስለሚግል ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል፣ ገጹም አሸዋ አሸዋ ይላል። አሸዋ መምሰሉ ከሩቅ በመርጨትም ይመጣል። የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ገጽ የቅርበትና የወፍራም ዙር ውጤት ነው። የዓሣ ዓይን የመሰሉ ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች ከታዩ ግን ሲሊኮን ወይም ቅባት ነክቶታል፤ የኪቦርድ ስዊች ቅባትም ሆነ የመኪና ማጽጃ ስፕሬይ በአካባቢው ካለ ያርቁት። በላዩ ቀለም መጨመር አይደፍነውም፤ ታጥቦ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ከሰል፣ የጋዝ ምድጃ፣ ሲጋራ፣ የሚበራና የሚጠፋ ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል አይርጩ፤ ጣሳውን የሚገፋው ጋዝ ይቀጣጠላል፣ ከአየር ስለሚከብድም ወለል ለወለል ይሄዳል። የጨርቅም ሆነ የሕክምና ማስክ የሟሟውን ትነት አያስቀርም፤ የካርቦን ካርትሪጅ ያለው ማስክ ያድርጉ። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለበትን ባለ ሁለት ክፍል ስፕሬይ ለዚህ ሥራ እንዳይገዙ፤ በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት የሳንባ አለርጂና አስም ያስከትላል፣ ለአንድ የፎቶግራፍ ወረቀት ለሚያክል ገጽ ያንን አደጋ መግባት ተገቢ አይደለም።

የእርስዎ ፕሌት አልሙኒየም ቢሆንም ሌላ ማዕድን ያላቸው አንባቢዎችም ይኖራሉ። ተራ ብረት ከሆነ ዝገቱ ሙሉ በሙሉ ይነሣ፤ በሌዘር የተቆረጠ ከሆነ ጠርዙ ላይ የሚቀረው ጥቁር ቅርፊት በሞረድ ይነሣ፣ ቀለሙ ከቅርፊቱ ጋር ስለሚረግፍ። ናስና መዳብ ከሆነ መልኩ ራሱ ጌጥ ነውና አይቀባ እላለሁ። ፋብሪካው ራሱ የቀባው ጥሩ ፕሌት ከሆነ ቀለሙን ማንሣት አያስፈልግም፤ በባለ 600 ወረቀት አደብዝዞ አንድ ወይም ሁለት ቀጭን ዙር ይበቃዋል።

ፓውደር ኮት (በዱቄት መልክ ተረጭቶ በእሳት የሚቀልጥ ቀለም) ማስደረግም አይመከርም። ጠንካራነቱ እውነት ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ማይክሮን ይወፍራል፣ ጠርዝና ቀዳዳ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ቀዳዳው ቀድሞ ሰፍቶ ካልተቆረጠ ስዊቹ አይገባም። አኖዳይዝ ማድረግ (የአልሙኒየሙን የኦክሳይድ ሽፋን በአሲድና በኤሌክትሪክ ማወፈር) ለአልሙኒየም ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ከራሱ ከብረቱ የሚያድግ ሽፋን ስለሆነ አይላጥም፣ የሚጨምረውም ጥቂት ማይክሮን ነው። ነገር ግን በተለመደው የማቅለሚያ መንገድ እውነተኛ ነጭ አይወጣበትም። ነጭ ካሉ ምርጫዎ ስፕሬይ ነው፤ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ ወደ አኖዳይዝ እመራዎት ነበር።

ፕሌቱን ከመንካትዎ በፊት ሁሉንም ደረጃ በቁራጭ ላይ ይሞክሩ። የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች የእጅ መዳፍ የሚያህል ያልተቀባ ቁራጭ አያጡም። አዘጋጅተው ረጭተው ሰባት ቀን ካቆዩት በኋላ በምላጭ ስድስት አግድምና ስድስት ቁልቁል ቀጫጭን መስመር ይጫሩበት፣ ጠንካራ ፕላስተር ለጥፈው በአንድ ጊዜ ይሳቡት። ካሬዎቹ በቦታቸው ከቀሩ ዝግጅትዎ ልክ ነው። ከፕላስተሩ ጋር ከመጡ ችግሩ ማጠቡ ወይም ፕራይመሩ ነው፤ ፕሌቱን ከማበላሸትዎ በፊት አወቁት።

ሰባቱ ቀን ሲሞላ ፕሌቱን በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይለኩ። ሳይቀባ 1.50 ከነበረ አሁን ከ1.57 ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ አንድ ስዊች ይዘው ቦርዱን ሳይገጥሙ በፕሌቱ ብቻ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ይሞክሩ። የጠበቀ ካለ ትንሽ ጠፍጣፋ ሞረድ ከፊት በኩል አስገብተው ወደ ጀርባ ብቻ እየገፉ የግድግዳውን ቀለም ያንሡ፤ ወደ ፊት ሲመለሱ ሞረዱን ከግድግዳው ያላቅቁት። ወደ ፊት የጎተቱ እንደሆነ የፊቱን ቀለም ከጠርዙ አንሥቶ ይልጠዋል። የስታቢላይዘሮቹን ቀዳዳም እንዲሁ ያጽዱ። ጠርዝ ላይ ትንሽ ብትፈነጠር በስዊቹ የ0.8 ሚሊሜትር ከንፈር ሥር ትደበቃለችና ደግመው አይርጩ።

ሲገጥሙ መጀመሪያ በአራቱ ማዕዘንና በመሃሉ ስዊች ይሰኩ፣ ፕሌቱና ቦርዱ ይስተካከሉ፣ ከዚያ ቀሪውን ይሙሉ። ቦርድዎ ስዊች ያለ ብየዳ የሚሰካበት ዓይነት ከሆነ ስዊቹን ሲጫኑ ከቦርዱ ጀርባ ሶኬቱን በጣትዎ ይደግፉ፤ ያለዚያ ሶኬቱ ከነብየዳው ሊነቀል ይችላል። የሚበየድ ከሆነ ደግሞ ሁለት እግር በ61 ስዊች 122 ብየዳ ነው፤ አንዱን እንኳ ከመበየድዎ በፊት ሁሉም ስዊች ከፕሌቱ ጋር ገጥ ማለቱን ከጎን በብርሃን ይመልከቱ። ከበየዱት በኋላ ፕሌቱ የሚወጣው 122ቱም ሲፈቱ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ስዊች ሲገባ «ቀጭ» ማለት አለበት፤ ያላለውን አውጥተው ቀዳዳውን ይሞርዱ እንጂ ወደ ቀጣዩ አይለፉ።